ያልተከፈተው የዲስኩ ግማሽ

መምህር ተክለወልድ በሞቱ በማግስቱ፣ ዓርብ ጥቅምት 20 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ አስከሬናቸው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ በሣጥን ተኝቶ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል። ዕድሩ ወንበሩን አውርዷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ከጎደለ ደግሞ ሁሉም ጎደለ። የሟቹ የነፍስ አባት መምሬ ገብረእግዚአብሔር ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም» ብለዋል። ያለ ጸሎት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ይቀበራሉ ማለት ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ልክነሽ አላለቀሱም። የጨንቻ ሴት ናቸው፤ ከመንዝ ለማስተማር የመጣን ሰው አግብተው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። አልቃሾቹ «ኧረ እርምሽን አውጪ!» ቢሏቸው፣ «ፍትሐቱን ሳያገኝ እርሜን አላወጣም» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

በር ላይ ያገኙት ኢንስፔክተር ወሰንየለሽን ነው። ወሰንየለሽ ሁለት ቀን ሙሉ ምዕራብ ዓባያ የተሰረቁ በሬዎች ስትፈልግ ቆይታ፣ በሬዎቹ የባለቤቱ አማች ጓሮ ታስረው ተገኝተው፣ አቧራ ጠግባ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ከመኪና መውረዷ ነበር። ሰው ደፍሮ የሚያናግራት ሰዓት አልነበረም። ወይዘሮ ልክነሽ ግን አናገሯት።

«ባሌ ራሱን አልገደለም።»

«እትዬ ልክነሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ግን መዝገቡ ተዘግቷል። የጻፉት ኑዛዜ አለ።»

«ጻፈ የተባለው! ሦስት መስመር ነው። የኔ ባል ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ውሃ ጠፋ ብሎ ያቀረበው አቤቱታ አሥራ አንድ ገጽ ነበር፣ አሥራ አንድ! ሊሞት የተነሣ ቀን በሦስት መስመር ይሰናበተኛል?»

ወሰንየለሽ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ የሴትዮዋን ፊት አየችና ተወችው።

«እብድ ነበር በዪ ይሉኛል» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። «እብድ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትፈታዋለች አሉኝ። ጤነኛ ባሌን አሳብጄ ልቅበረው? እውነቱን ፈልጊልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ እውነቱን።»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ።»

ወሰንየለሽ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል። ወዲያው ሳጅን ደበሌን በስሙ ጠራችው።

ሳጅን ደበሌ ክፉ ሰው አይደለም። «ነገሩ ግልጽ ነው» የምትል አባባል ግን አለችው፤ እሷን ባለ ቁጥር ነገሩ ግልጽ ሆኖ አያውቅም። ወደ ሟቹ ቤት እየነዳ አስረዳት።

«ትናንት ገብርኤል ነው። ወይዘሮ ልክነሽ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቅዳሴ ሄዱ፤ ጽዋ ስለነበረ እስከ አምስት ተኩል አልተመለሱም። ሰውዬው በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ብቻቸውን ቀሩ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ኑዛዜውን በኮምፒውተር ጻፉ። አራት ሰዓት ላይ የተባይ መድኃኒት በብርዝ ጠጡ። ቢዘገይ ቢዘገይ አራት ተኩል ላይ ሞተዋል ብሏል ሐኪሙ። አምስት ተኩል ላይ መምህር በርናባስ መጥቶ ወንበራቸው ላይ አገኛቸው። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«ሁለት ሰዓት ከአሥር መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ኮምፒውተሩ። እሱ ደግሞ አይዋሽም።»

«ብርዙንስ ማን አዘጋጀው?»

«ሚስታቸው። በየማታው በጠርሙስ ሞልተው ያስቀምጡላቸዋል፤ እሳቸው በነጋታው ልክ አራት ሰዓት ላይ ይጠጣሉ። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም። መድኃኒቱም ከራሳቸው ዕቃ ቤት የወጣ ነው፤ ለማንጎዎቹ የገዙት። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ሥር ነበር።»

«ረቡዕ ማታ እቤታቸው የነበረ ሰው አለ?»

«ሦስት ሰዎች። በርናባስ፣ ኮምፒውተር የምትጠግንላቸው ሊሻን፣ እና ጎረቤታቸው ጋሽ ካሱ። ግን ምን ያደርጋል? ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሦስቱም ሌላ ቦታ ነበሩ። አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ።»

ደበሌ በኩራት ነው የተናገረው።

መምህሩ የሚጽፉበት ክፍል ጠባብ ነው። መጽሐፍ፣ ካርታ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ሁሉ አለበት። ደበሌ ኮምፒውተሩን አበራው። ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት ስም በነጭ ፊደል ወጣ፤ ከላይ ሊኑክስ፣ ከታች ዊንዶውስ። ከሥራቸው ቁጥር ከአሥር ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ወሰንየለሽ።

«ሁለት ሲስተም አለው፤ በየትኛው ልነሣ ነው። ዊንዶውሱን እንመርጣለን፤ ትናንት ስናገኘው በሱ ነበር የተከፈተው። ቆይ፣ ማውሱ እምቢ...»

ቁጥሩ አለቀ። ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠብቅ በሊኑክሱ ተነሣና ፓስወርድ አምጡ አለ። ደበሌ አጠፋው። አበራው። ላቡን ሲጠርግ ቁጥሩ አለቀ። ፓስወርድ አምጡ። አጠፋው። በሦስተኛው ወሰንየለሽ ወደ ታች የምትወስደውን ቁልፍ ራሷ በጣቷ ደቃቻት።

«በማውስ አይደለም፣ በቁልፍ ነው! ሀያ ደቂቃ በላኸብኝ።»

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰው አንድ ሲስተም ችሎ ማስተዳደር ሳይችል ሁለት በአንድ ሣጥን ማኖር ምን የሚሉት ጣጣ ነው እላለሁ። ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ዊንዶውሱ እያቃሰተ ተከፈተ። ኑዛዜው አለ። «ሕይወት ሰልችቶኛል። ማንም እንዳይጠየቅብኝ። ይቅር በሉኝ። ተክለወልድ።» የተቀመጠበት ሰዓት ከፋይሉ ጎን ተጽፏል፤ ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ጠዋት።

«በፈረንጅ ነው» አለ ደበሌ። «ስድስት ስንቀንስ ሁለት ከአሥር።»

«ሌላው ጽሑፋቸውስ? ሠላሳ ዓመት የጋሞን ደጋ መንደር ለመንደር ዞረው መጽሐፍ ይጽፉ ነበር አይደል የተባለው?»

«ምንም የለም፣ ባዶ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሁሉንም ያጠፋል።»

ወሰንየለሽ አጎነበሰች። ሣጥኑ ላይ በመምህሩ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ሃርድ ዲስክ 80 ጊጋ፣ የተገዛው መስከረም 2001»። ስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ዲስክ አርባ እንኳ አይሞላም።

«ደበሌ፣ ሰማንያ ይላል። እዚህ አርባ አይሞላም። ግማሹ የት ሄደ?»

«ፋብሪካ ያጭበረብራላ፣ ኢንስፔክተር።»

«ግማሽ ለግማሽ?»

በዚህ ጊዜ ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር፤ የተዘጋ መዝገብ ለምን ትቆፍሪያለሽ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ጨርሺና ነይ አላት። «እሺ» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ወደ ኪሷ ልትከት ስትል ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ዓይኗ ውስጥ ገባ። 10:41። የኮምፒውተሩን ጥግ አየች። 7:41።

እዚህ ላይ አንባቢም ራሱን ይታዘብ። እኛ አገር የእጃችን ሰዓት አራት ሲል የማሽኑ አሥር ይላል፤ ስድስት ቀንሰን መኖር ለምደናል። ከእጅ ሰዓት ጋር የማይስማማ ሰዓት ማንንም አያስደነግጥም። ደበሌ ትናንት ከሰዓት ሙሉ ያንን ጥግ ሲያይ ውሏል፤ ቁጥሩ ከእጁ እንደሚለይ ያውቃል፣ ስለሚለይም አላሰበበትም። ሁለት የፈረንጅ ሰዓት ጎን ለጎን ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው።

«ይሄ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው» አለች ወሰንየለሽ ቀስ ብላ።

«ባትሪው አርጅቶ ይሆናል።»

«ያረጀ ባትሪ ልክ ሦስት ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ አይቀንስም። ሊሻንን ጥራልኝ። ከሲቀላ ሱቋ በባጃጅ፣ አሁኑኑ!»

ሊሻን እስክትመጣ በርናባስን በረንዳ ላይ አስጠራችው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ያስተምራል። በአሥራ አራት ዓመቱ ከቦንኬ ለትምህርት መጥቶ እነ መምህር ተክለወልድ ዘንድ ስድስት ዓመት ኖሯል። የወለዱት ልጅ ስላልነበራቸው ወይዘሮ ልክነሽ «ልጄ» ነው የሚሉት፤ እሱም «እማዬ» ነው የሚላቸው። ከትናንት ጀምሮ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው እሱ ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ስንት ሰዓት ነው ያገኟቸው?»

«አምስት ተኩል ገደማ። በአጥሩ እጄን አስገብቼ መቀርቀሪያውን ከፈትኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምገባው። እንዳየኋቸው እየጮህኩ ወጣሁ። እማዬ ያኔ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን።»

«ኮምፒውተሩን ነክተዋል?»

«እንኳን ኮምፒውተር፣ እሳቸውን ለመንካትም እጄ አልታዘዘኝም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ እስከ አራት ተኩል። ስልሳ ተማሪ ይመሰክራል።»

«ስለ ጠዋቱ አልጠየቅኩዎትም።»

«ሳጅኑ ጠይቆኝ ስለነበር ነው።» በርናባስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እባክዎ እማዬን ይምከሩልኝ። አእምሮው ታውኮ ነበር ብትል መምሬ ይፈቷቸዋል። በግትርነት ሰው አጥር ውጪ ይቀበራል?»

«እርስዎ ነዎት ይህን የመከሯቸው?»

«ለሳቸው ብዬ ነው።»

«ይጽፉት የነበረውን መጽሐፍ አንብበውታል?»

«አልፎ አልፎ ያነቡልኝ ነበር። የሽማግሌ ማስታወሻ ነው፤ ቁም ነገር ያለው አይመስለኝም።»

ወሰንየለሽ አመስግና ሸኘችው። አባት ሞቶበት ሥራውን ያጣጣለ ልጅ እምብዛም አልገጠማትም።

ሊሻን ከባጃጅ ስትወርድ ጀምሮ ኮምፒውተሩን ትራገም ነበር። ሀያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሲቀላ የጥገናና የሥልጠና ሱቅ አላት።

«ይሄ ሣጥን ሦስት ቀን ነው የበላኝ! ጋሼ ተክለወልድ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ምዕራፍ ሲበላባቸው፣ ቫይረስ የማይነካው ሲስተም ይኑረኝ አሉ። ዊንዶውሱም አይጥፋ፣ ማተሚያዬ የሚሠራው በሱ ብቻ ነው አሉ። እሺ ብዬ ዲስኩን ለሁለት ስከፍል፣ አንደኛ ቀን መሐል ላይ መብራት ሄደ። ሁለተኛ ቀን መሐል ላይ መብራት ሄደ። በሦስተኛው ቀን አለቀስኩ።»

«ለሁለት ስትከፍዪ ምን ማለት ነው?»

«እንደ ማሳ ነዋ። አንዱን ማሳ ለሁለት ወንድማማች አካፍለሽ መሐሉን ታጥሪዋለሽ። ሊኑክሱ ዘሎ ዊንዶውሱን ማየት ይችላል። ዊንዶውሱ ግን የሊኑክሱን አያይም፤ መኖሩንም አያውቅ።»

ወሰንየለሽ የጠፋውን አርባ ጊጋ አሰበች። «ሰዓቱስ?»

«ሌላው ጣጣ! ሣጥኑ ውስጥ ባለ ባትሪ አንድ ትንሽ ሰዓት አለች፤ ሁለቱም የሚያነቡት እሷን ነው። ሊኑክሱ የግሪንዊች ሰዓት ናት ብሎ ሦስት ይደምርባታል፤ አገራችን በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም። ዊንዶውሱ የአገሩ ሰዓት ናት ብሎ እንዳለች ያሳያታል። ስለዚህ ሊኑክሱ ልክ ሲሆን ዊንዶውሱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይዛባል። መላ አለው፣ ላብጀው ስላቸው 'ተዪው፣ ለማተም ካልሆነ በዚያ በኩል አልገባም' አሉኝ።»

ደበሌ በጣቶቹ እየቆጠረ ነበር። ስምንት ከአሥር፣ ሦስት ሲደመር፣ ስድስት ሲቀነስ... ፊቱ ተለወጠ።

«ክፈቺልኝ» አለች ወሰንየለሽ። «የሊኑክሱን ግማሽ።»

«ፓስወርዳቸውን አላውቅም፤ ለጥገና ብዬ ግን የራሴን መግቢያ አስቀርቻለሁ።» ሊሻን ቁልፉ ላይ እጇን ስታሳርፍ መብራት ሄደ።

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አይይይ!» አለ። ወሰንየለሽ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። አምስት ሰዓት ሆነ፣ መብራት የለም። ስድስት ሆነ፣ የለም። አለቃዋ ደወለ፤ አላነሣችም። መብራት ኃይል ተደወለ፤ እነሱም አላነሡም።

በመጨረሻ ጋሽ ካሱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ካሱ ኩልፎ ዳር የሙዝ ማሳ ያላቸው ጎረቤት ናቸው፤ በማንጎ ቅርንጫፍ የተነሣ ከሟቹ ጋር ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ ኖረዋል። ረቡዕ ማታም የመጡት ለዚያው ንትርክ ነበር።

«ትንሽ ጀነሬተር አለችኝ» አሉ። «ክፉኛ ትጮኻለች እንጂ ትሠራለች።»

ጀነሬተሯን ሲያስነሡ ወሰንየለሽ ገመዱን ይዛላቸው ቆመች።

«መቼም ቀን ሲጥል አይጣል ነው» አሉ ካሱ ገመዷን እየሳቡ። «ትናንት ሙዝ አስጭኜ ስመለስ ከበርናባስ ጋር እዚችው በር ላይ ሰላም ተባብለን ነበር። እጁን አጥሩ ውስጥ ከቶ መቀርቀሪያ ሲፈልግ። ምን እንደሚጠብቀው አላወቀ!»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ለአምስት አሥር ጉዳይ። አምስት ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ስሮጥ ነው የደረስኩት። እስኪያልቅም እዚያው ነበርኩ።»

ወሰንየለሽ ገመዱን ለቀቀችው። «ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሳጅኑ 'ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?' አለኝ። 'ኩልፎ' አልኩት። ጽፎ ሄደ። ስለ አምስት ሰዓት ልንገርህ ብዬ ልከተለው?»

ደበሌ የማንጎውን ዛፍ ማየት ጀመረ።

ጀነሬተሯ ተነሣች። ሊሻን ከሊኑክሱ ገባች። ወሰንየለሽ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል አነበበች፤ ሁለት ገጽ በእጇ ገለበጠች፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትነሣ ድምጿ ደረቅ ነበር።

«መምሬን ጥሩልኝ። አራቱንም ሰዎች ሳሎን አስገቡልኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ሣጥኑ ዙሪያ ተቀመጡ። ወይዘሮ ልክነሽ መሐል፣ በርናባስ ከጎናቸው እጃቸውን ይዞ፣ ካሱና ሊሻን በመስኮቱ በኩል፣ መምሬ ገብረእግዚአብሔር መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ። ደበሌ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«መምሬ፣ የሞተ ሰው ይጽፋል?» አለች ወሰንየለሽ።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ?»

«መምህር ተክለወልድ ቢዘገይ አራት ተኩል ላይ ሞተዋል፤ የሐኪም ቃል ነው። ኑዛዜው የተጻፈው ግን አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። እኛ ሁለት ከአሥር ያልነው ማሽኑ በዊንዶውስ ሲከፈት ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ነው። ሰዓቱ ከእጃችን ጋር አለመስማማቱን ስለለመድነው ማናችንም አላስተዋልንም።»

መምሬ አማተቡ።

«ይህ የማሽን ነገር ነው ብላችሁ ብትጠራጠሩ፣ ሌላ ማስረጃ አለ። ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው ግማሽ፣ ሰዓቱ ልክ በሆነው፣ መምህሩ እስከ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ድረስ ሲጽፉ ነበር። በሁለት ከአሥር ተሰናብቶ፣ ተመልሶ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል የሚጽፍ ሰው የለም። ያ ግማሽ ሌላም መዝግቧል፤ አምስት ሰዓት ከአራት ላይ አንድ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ አስነሥቶታል። ለምን? አሥር ደቂቃ ካልነኩት ተቆልፎ ፓስወርድ ይጠይቃል። የመጣው ሰው ፓስወርዱን አያውቅም። ስለዚህ አጠፋው፣ ሲነሣ ፓስወርድ በሌለው በዊንዶውስ ገባ። ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ደመሰሰ፣ ሦስት መስመር ጻፈ፣ የመድኃኒቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛ ሥር አኖረ። ሁለት በር ያለው አንድ ቤት መስሎታል። የደመሰሰው ለማተም የተቀመጠ አሮጌ ግልባጭ ነበር፤ ዋናው በሌላው ግማሽ ተርፏል።»

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ።

«አምስት ሰዓት ላይ ሊሻን አሥር ሠልጣኝ ፊት ቆማ ነበር። ጋሽ ካሱ ቀበሌ ነበሩ። እርስዎን መምሬ ራሳቸው ጽዋ ላይ አይተውዎታል። እትዬ ልክነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ረቡዕ ማታ ብርዙን በጠርሙስ ሞልተው ማን ነው ወደ ክፍላቸው ያስገባው?»

ሴትዮዋ የያዛቸውን እጅ ቀስ ብለው ከእጃቸው አወጡት።

«'እማዬ አትድከሚ፣ እኔ አስገባዋለሁ' አልከኝ» አሉ ወደ በርናባስ ዞረው።

«እማዬ፣ ሁልጊዜም አስገባዋለሁ እኮ!» በርናባስ ተነሣ። «ይህ ምን ማስረጃ ነው? እኔ የመጣሁት አምስት ተኩል ላይ ነው!»

«ለአምስት አሥር ጉዳይ ሰላም ብለኸኛል፣ አንተ ልጅ» አሉ ካሱ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ደነገጠ ሰው ነበር።

«አርባ ደቂቃ እዚህ ቤት ነበርክ» አለች ወሰንየለሽ፤ አንቱታዋ ቀረ። «ለምን እንደሆነም ታውቋል። ቁም ነገር የለውም ያልከኝን መጽሐፍ ስምህን ለጥፈህ የማስተርስ ማሟያ አድርገህ አስገብተሃል። ማክሰኞ ዕለት መምህሩ ደረሱበት። 'ሰኞ ኮሌጅህ መጥቼ እናገራለሁ' አሉህ።»

«ማን አለ? ማን ሰማ?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። ትናንት ጠዋት፣ እስከ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት የጻፉት ደብዳቤ ላንተ ነው። ሰላምታው ግማሽ ገጽ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።» ወረቀቷን ዘረጋች።

«'...ልጄ፣ ማክሰኞ ተቆጥቼ ሰኞ ኮሌጅህ እመጣለሁ ያልኩህን እርሳው። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቼ አሰብኩበት። ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩትን ማን ያነበዋል ብዬ ስሰጋ ነው የኖርኩት፤ አንተ ለካ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል። በደልከኝ፣ ግን አነበብከኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ስምህን ከስሜ ጎን አኖረዋለሁ። ለኮሌጁ የምጽፈው ነገር የለም። ለልክነሽም አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም፤ አንተን ስታይ ደስ እንዳላት ትኑርልኝ። እሑድ ናና የመጨረሻውን ምዕራፍ አብረን...' እዚህ ላይ ያቆማል።»

«ውሸት ነው!» በርናባስ ጮኸ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልነበረም! ሁሉንም አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻለሁ፣ አልነበ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

የካሱ ጀነሬተር ጓሮ እየጮኸች ነበር። በርናባስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ «አልነበረም» አለ እንደገና፣ አሁን ግን እያለቀሰ። «ሰኞ ሳይመጣ ብዬ ነው። ዲግሪዬን፣ ሥራዬን፣ ስሜን... ይቅር እንዳሉኝ ቢነግሩኝ ኖሮ! በስልክ እንኳ ቢነግሩኝ!»

«ደብዳቤ ነበር የሚወደው» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ።

ደበሌ ካቴናውን አወጣ። በርናባስ እየተወሰደ በድንኳኑ መሐል ሲያልፍ ለቀስተኛው ሁሉ ተነሣ፤ ያስተናገዳቸው፣ ቦታ የሰጣቸው ልጅ ነው፤ ምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ወሰንየለሽ ከኋላው ወጣች። እርቧት ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ተናዳለች፤ በሱ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ በሚቆጥር ሣጥን፣ በአንድ ያልተላከ ደብዳቤ፣ ትናንት እዚህ ባለመኖሯ። እውነቱን ፈልጊልኝ ላሏት ሴት እውነቱን አምጥታ ልጅ መንጠቋ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት።

ሳሎን ውስጥ መምሬ ገብረእግዚአብሔር ቆሙ። ማንም ሳይጠይቃቸው ልብሰ ተክህኗቸውን ለበሱ። ወደ ሣጥኑ ቀርበው መስቀሉን አነሡና ጸሎቱን ጀመሩ፤ «...ነፍሰ ገብርከ ወልደ ማርያም...» ብለው መምህር ተክለወልድን በክርስትና ስማቸው ጠሩ።

ያኔ ወይዘሮ ልክነሽ ጮኹ። ሁለት ቀን ያመቁት ለቅሶ ግድግዳውን ነቀነቀው። ለቀስተኛው «እሰይ፣ እርሟን አወጣች» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ፤ ባሏን ነው የምታለቅሰው ብሎ። በር ላይ የቆመችው ወሰንየለሽ ግን በደንብ ሰማች። ሴትዮዋ ሁለት ስም እያፈራረቁ ነበር የሚጠሩት፣ የባላቸውንና የበርናባስን። በርናባስም ሰማ። ደበሌ የመኪናውን በር ከፈተለትና ጭንቅላቱ እንዳይመታ በእጁ ጎንበስ አድርጎ አስገባው።